በሪአክተር መውጫ ላይ የተተከለ ትንሽ ኤንኤምአር የቤዝ ፓምፕን መምራት ይችላል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «በቀጣይነት በሚሠራ ባለማማሰያ ሪአክተር ውስጥ 1-ፍሎሮ-2-ናይትሮቤንዚንን ከአኒሊን ጋር በሊቲየም ቤዝ (ሊቲየም ሄክሳሜቲልዲሲላዛይድ) አማካይነት እናገናኛለን። አሟሚው ቴትራሃይድሮፉራን ነው። እስካሁን በየሁለት ሰዓቱ ናሙና እየቀዳን በኤችፒኤልሲ (ድብልቅን ለይቶ በሚለካ የላቦራቶሪ መሣሪያ) እንለካለን። አሁን 60 ሜጋኸርዝ የጠረጴዛ ኤንኤምአር (አቶሞችን በማግኔትና በሬዲዮ ምት እያነበበ የድብልቁን ይዘት የሚለካ መሣሪያ) መውጫው ላይ አስገብተናል። ፍሰቱን ስንጨምር ግን ሲግናሉ ያንሳል፣ ፒኮቹ (በስፔክትረሙ ላይ የሚታዩት ጫፎች) ይደራረባሉ፣ ቁጥሩም አንዳንዴ ያለምክንያት ይዘላል። ይህ መሣሪያ የቤዙን ፓምፕ በራሱ እንዲመራ ማድረግ ይቻላል?»

ይቻላል። ከእርስዎ ጋር በጣም የሚቀራረብ ሪአክሽን በ43 ሜጋኸርዝ መሣሪያ በቀጥታ የተከታተለ ሥራ በ2018 ታትሟል፤ የጀርመን ፌዴራል የቁሳቁስ ምርምርና ፍተሻ ተቋም ባለሙያዎች የሠሩት ነው። ስለዚህ የእርስዎ 60 ሜጋኸርዝ አቅም አያንሰውም። ሥራው የሚከብደው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ፓምፑን ለማሽን አሳልፎ ለመስጠት መሣሪያው ትክክለኛ ቁጥር ማውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ ቁጥሩ የማይታመንበትን ጊዜ ራሱ ለይቶ ማሳወቅ አለበት። በእርስዎ ሪአክሽን ላይ ደግሞ ከቤዙ መጠን ጋር የተያያዘ አንድ ወጥመድ አለ፤ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

ፍሰቱ ሲጨምር ሲግናሉ ለምን ያንሳል

ይህ የመሣሪያ ብልሽት አይደለም። ፈሳሹ ማግኔቱ ውስጥ እንደገባ ፕሮቶኖቹ ወዲያው አይሰለፉም። ሰልፉ የሚገነባው ቲ1 በሚባለው ጊዜ ልክ ቀስ በቀስ ነው። ፈሳሹ ከመለኪያው ኮይል ፊት እስኪደርስ ማግኔቱ ውስጥ 3 ቲ1 ያህል ከቆየ ሲግናሉ ከሙሉው 95 በመቶ ይደርሳል፤ 5 ቲ1 ከቆየ 99.3 በመቶ።

በቁጥር እንየው። ውስጠኛ ዲያሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ከኮይሉ በፊት በማግኔቱ መስክ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል እንበል። ይህ ክፍል የሚይዘው 0.0785 ሚሊ ሊትር ነው። በደቂቃ 0.5 ሚሊ ሊትር ሲፈስ ፈሳሹ እዚያ 9.4 ሴኮንድ ይቆያል። ቲ1 2 ሴኮንድ የሆነ ፕሮቶን ያኔ 99 በመቶ ይሰለፋል፣ ቲ1 4 ሴኮንድ የሆነው ግን 90 በመቶ ገደማ ላይ ይቀራል። ፍሰቱን በደቂቃ 2 ሚሊ ሊትር ሲያደርጉት የቆይታው ጊዜ ወደ 2.4 ሴኮንድ ይወርዳል፤ የመጀመሪያው 69 በመቶ፣ ሁለተኛው 45 በመቶ ብቻ ይሆናል። ይህም ፈሳሹ በሙሉ በአማካይ ፍጥነት ይሄዳል ብለን ስናስብ ነው። በቱቦው መሃል ያለው ፈሳሽ ከአማካዩ እጥፍ ስለሚፈጥን እውነቱ ከዚህ ይብሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነጥብ ልብ ይበሉ። «የምለካውን ከአሟሚው ፒክ ጋር ስለማካፍለው ስህተቱ ይጣፋል» ማለት አይሠራም። የሁለቱ ቲ1 ከተለያየ ንጽጽሩ ራሱ ከፍሰቱ ጋር ይንሸራተታል። ከላይ ባለው ምሳሌ በደቂቃ 2 ሚሊ ሊትር ላይ ንጽጽሩ ከእውነተኛው ዋጋ ከግማሽ በላይ ይንራል። የሚለካው ንጥረ ነገር መጠን ምንም ሳይለወጥ ፓምፑ በመፍጠኑ ብቻ ተቆጣጣሪው ለውጥ ያየ ይመስለዋል።

የእኔ ምክር ኮይሉ ውስጥና ከኮይሉ በፊት ባለው ርዝመት ቱቦው እንዲሰፋ ነው። ውስጠኛ ዲያሜትሩ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የብርጭቆ ሕዋስ በዚያው 10 ሴንቲ ሜትር 1.26 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በደቂቃ 2 ሚሊ ሊትር ቢያፈሱበት ፈሳሹ 38 ሴኮንድ ገደማ ይቆያል፤ ቲ1 4 ሴኮንድ ለሆነውም ከበቂ በላይ ነው። ኮይሉ የሚያየው ፈሳሽም ከቀጭኑ ቱቦ 16 እጥፍ ስለሚሆን ሲግናሉ በዚያው ልክ ይደልባል። በኮይሉ ፊት ያለው 1 ሴንቲ ሜትር ፈሳሽ በየ3.8 ሴኮንዱ ገደማ ይታደሳል። ቀድሞ በተሰለፈ ፈሳሽ ስለሚተካም በየ5 ሴኮንዱ አንድ የመለኪያ የሬዲዮ ምት መስጠት ይቻላል። በቆመ ፈሳሽ ቢሆን በየምቱ መካከል 5 ቲ1 መጠበቅ ግድ ይል ነበር። ፍሰት የመስመሩን ውፍረትም ይጨምራል፤ ጭማሪው 1 ሲካፈል ለፓይ እና በኮይሉ ፊት ለሚቆይበት ጊዜ ውጤት ነው። በዚህ ሕዋስ 0.1 ኸርዝ አይሞላም፣ በቀጭኑ ቱቦ በደቂቃ 2 ሚሊ ሊትር ላይ ግን 1.35 ኸርዝ ይደርሳል።

ሰፊው ሕዋስ ዕዳም አለው። ፈሳሹ ውስጡ ስለሚደባለቅ ድንገተኛ ለውጥ ደብዝዞ ይታያል። የሪአክተርዎ የቆይታ ጊዜ 10 ደቂቃ ገደማ ከሆነ ይህ አይጎዳም፤ 1 ደቂቃ ቢሆን ኖሮ ሌላ ምክር እሰጥ ነበር።

የትኛውንም ቢመርጡ አንድ ፈተና ሳይሠሩ ወደፊት አይሂዱ። ይዘቱ የማይለወጥ አንድ ድብልቅ ያዘጋጁ፤ ፍሰቱን አቁመው፣ ከዚያም በደቂቃ 0.5፣ 1፣ 2 እና 4 ሚሊ ሊትር ይለኩ። በእያንዳንዱ ፒክ ሥር ያለውን ስፋት በቆመ ፈሳሽ ላይ ካገኙት ጋር ያካፍሉ። ሁሉም ፒኮች ከ1 በመቶ ባልበለጠ ልዩነት የሚስማሙበት ከፍተኛው ፍሰት ጣሪያዎ ነው። ከዚያ በታች አንድ ፍሰት ይምረጡና ቋሚ ያድርጉት።

ቱቦው

ሙሉውን የሪአክተር ፍሰት በማግኔቱ ውስጥ ማሳለፍ አያስፈልግም። ከመውጫው ፈጣን ቅርንጫፍ አውጥተው ወደ መሣሪያው ያስጠጉት፤ ከእሱ ላይ ደግሞ ትንሹን የመለኪያ ቅርንጫፍ ይቁረጡ። ፈጣኑ 2 ሜትር ርዝመትና 1 ሚሊ ሜትር ውስጠኛ ዲያሜትር ካለው 1.57 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በደቂቃ 5 ሚሊ ሊትር ቢፈስ መዘግየቱ 19 ሴኮንድ ነው። በ0.5 ሚሊ ሊትር ቢሆን ግን ከ3 ደቂቃ ይበልጣል፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሪአክሽኑ ቱቦው ውስጥ ይቀጥላል፣ እርስዎም የሪአክተሩን ሳይሆን የቱቦውን መጨረሻ ይለካሉ።

ለቱቦው ፒኤፍኤ (ፍሎሪን ያለበት ፕላስቲክ) ይበቃል። ፒኢኢኬ የተባለው ፕላስቲክ በቴትራሃይድሮፉራን ውስጥ ስለሚያብጥ ለረጅም ጊዜ አይታመንም። ብረት፣ የማይዝገውም ቢሆን፣ ማግኔቱ ውስጥ መግባት የለበትም። ፍሎሪንን የሚለኩ ከሆነ ፒኤፍኤም ሆነ ፒቲኤፍኢ ራሳቸው ፍሎሪን ስላለባቸው ከሥር ሰፊና ጎባጣ ሲግናል ያመጣሉ፤ በኮይሉ ፊት ብርጭቆ ብቻ ይሁን።

ቁጥሩ ያለምክንያት ይዘላል ላሉት የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የጋዝ አረፋ ነው። አንዲት አረፋ ኮይሉ ፊት ስትቆም ስፋቱን ትቀንሳለች፣ በፈሳሹና በጋዙ ድንበር ላይ ደግሞ የማግኔቱን መስክ አዛብታ መስመሩን ታወፍራለች። መፍትሔው ቅርንጫፉን ከ3 እስከ 5 ባር ግፊት ላይ መያዝ፣ የግፊት መጠበቂያ ቫልቩን ከሕዋሱ በኋላ ማድረግ፣ ፈሳሹንም ከታች ወደ ላይ ማስፈስ ነው። የመለኪያ ቅርንጫፉን ፓምፕ ከሕዋሱ በኋላ ሲያስቀምጡ በመምጠጥ ግፊቱን እንዳይጥለው ያረጋግጡ፤ ግፊት የወደቀ ፈሳሽ የሟሟበትን ጋዝ ይተፋል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ በእርስዎ ሪአክሽን ውስጥ የሚወለደው ሊቲየም ፍሎራይድ ነው። በቴትራሃይድሮፉራን ውስጥ አይሟሟም፣ ይዘቅጣል። ማጣሪያውን ፈጣኑ ቅርንጫፍ ፊቱን እያጠበ እንዲያልፍ አድርገው ይትከሉት፤ ማለትም ትልቁ ፍሰት በማጣሪያው ገጽ ላይ ይሮጣል፣ ትንሹ ብቻ በማጣሪያው በኩል ወደ ማግኔቱ ይገባል። ቀዳዳው 10 ማይክሮ ሜትር ይሁን፣ ሁለት ማጣሪያ ጎን ለጎን ይኑር፣ በሁለቱ መካከል ራሱ የሚቀያይር ቫልቭ ይግባ። በሰፊው ሕዋስ ውስጥ ፈሳሹ በሴኮንድ 2.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ስለሚሄድ 10 ማይክሮ ሜትር ያለውን ቅንጣት ይዞት ይወጣል። 100 ማይክሮ ሜትር የደረሰ እብጠት ግን ወደ ታች ሰምጦ ይከማቻል። ስለዚህ ማጣሪያው ቅንጦት አይደለም።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ብረታማ ቅንጣት ነው። ከዛገ ፊቲንግ የመጣ የብረት ብናኝ ሕዋሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ መስመሩን ያወፍራል፣ ሺም ቢደረግም (የማግኔቱ መስክ ወጥ እንዲሆን ቢስተካከልም) አይመለስም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሕዋሱን ሲያጥቡ ጥራቱ ይመለሳል፣ ከቀናት በኋላ እንደገና ይበላሻል።

የሺም ፈሳሽ ምርጫ

የጠረጴዛ ኤንኤምአር ማግኔት ቋሚ ማግኔት ነው፤ ከኒዮዲሚየም ወይም ከሳማሪየም-ኮባልት የተሠራ። የኒዮዲሚየም ማግኔት መስክ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሲየስ 0.1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ይህ 1000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ ሺህ) ነው፣ በ60 ሜጋኸርዝ ሲሰላ 60 ኪሎኸርዝ ማለት ነው። መሣሪያው ማግኔቱን በሺኛ ዲግሪ ደረጃ የሚያረጋጋውና መስኩን ያለማቋረጥ የሚከታተለው ለዚህ ነው። ሙቅ ወይም በጣም ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሲያስገቡበት ይህን ሚዛን ይነቀንቁታል። ፈሳሹ ከመግባቱ በፊት ወደ ማግኔቱ ሙቀት በ2 ዲግሪ ውስጥ ቢቀርብ ጥሩ ነው፤ በሙቀቱ ለውጥ ምክንያት ተጨማሪ ነገር እንደማይዘቅጥ ግን አስቀድመው ይፈትሹ።

ብዙ መመሪያዎች ሺም ለማድረግ 10 በመቶ ውሃ በከባድ ውሃ ውስጥ ይመክራሉ። በእርስዎ መስመር ላይ ይህን ፈጽሞ አያድርጉት! ቱቦው ውስጥ የቀረች ጠብታ ውሃ የሊቲየሙን ቤዝ ትበላለች፣ ሊቲየም ሃይድሮክሳይድም ታዘቅጣለች። አሴቶናይትራይልም ከቤዙ ጋር ስለሚዋሐድ አይሆንም። ደረቅ ሳይክሎሄክሴን ይጠቀሙ፦ በ1.4 ፒፒኤም አካባቢ አንድ ነጠላ ፒክ ብቻ አለው፣ ከቤዙ ጋርም አይነካካም። በአራት መንገድ ቫልቭ አማካይነት በየ12 ሰዓቱ ወይም መስመሩ ከተወሰነ ውፍረት ባለፈ ጊዜ ሕዋሱ በሳይክሎሄክሴን ይሞላል፣ ሺም ይደረጋል፣ ውጤቱ ይመዘገባል። የሳይክሎሄክሴኑ ሲግናል መጠን ራሱ የመሣሪያው ጤና መለኪያ ነው። ከሳምንት ሳምንት 1 በመቶ ሳያልፍ መርጋት አለበት።

ስፔክትረሙን ማንበብ

በ60 ሜጋኸርዝ ከ6.5 እስከ 8.3 ፒፒኤም ባለው ቦታ ላይ የአኒሊኑ፣ የጥሬ ግብዓቱ (1-ፍሎሮ-2-ናይትሮቤንዚን) እና የምርቱ የአሮማቲክ (የቤንዚን ቀለበት) ፕሮቶኖች ተደራርበው ይወድቃሉ። መስኩ ደካማ በመሆኑ በፒኮች መካከል ያለው ርቀት ከጥምረታቸው (አንዱ የሌላውን ፒክ ከሚከፍልበት) ጥንካሬ ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ከመማሪያ መጻሕፍት የሚያውቁት ንጹሕ ድርብ ወይም ሦስትዮሽ ቅርጽ አይታይም። ከዚህ እስከዚህ ብሎ ቆርጦ መደመር እዚህ ላይ ያሳስታል።

የሚሠራው ዘዴ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር በራሱ የፒኮች ሞዴል መወከል ነው። የአንዱ ንጥረ ነገር ስፔክትረም በሎሬንዝና በጋውስ ቅርጽ ድብልቅ ፒኮች ይሠራል። ከዚያ ፕሮግራሙ ድብልቁን የሞዴሎቹ ድምር አድርጎ ይገጥማል፣ ፒኮቹ በጥቂት ኸርዝ እንዲንሸራተቱና እንዲወፍሩ ብቻ ይፈቅዳል። ይህ መንገድ በመቶዎች የሚቆጠር የመለኪያ ናሙና አይጠይቅም፣ ምክንያቱም የኤንኤምአር ስፋት ከፕሮቶን ቁጥር ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። በፒኤልኤስ (ከብዙ ናሙና በሚማር የስታቲስቲክስ ዘዴ) ግን ሞዴሉ የሚያውቀው ያሠለጠኑትን ብቻ ነው፤ ሪአክሽኑ ያልታሰበ መንገድ ሲይዝ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ለቁጥጥር ይህ አደገኛ ነው።

ሞዴሉን ከገዙት ንጹሕ ንጥረ ነገር ብቻ አይሥሩ። በሪአክተሩ ውስጥ አኒሊኑም ሆነ ምርቱ በከፊል ሊቲየም ተሸክመው ስለሚገኙ ፒኮቻቸው ከቦታቸው ይለቃሉ። የምርቱን ሞዴል ቤዝ ካለበት መፍትሔ ላይ ይውሰዱት።

የአሟሚው የካርቦን-13 ጎረቤት ፒኮችም (ካርቦን-13 ከተባለው ከባድ ካርቦን ጋር ከተያያዙ ፕሮቶኖች የሚመጡት ትንንሾቹ) ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። የቴትራሃይድሮፉራን ዋና ፒኮች በ3.6 እና በ1.8 ፒፒኤም ናቸው። ከኦክስጅን አጠገብ ያለው ፕሮቶን ከካርቦን-13 ጋር ያለው ጥምረት 144 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ በ60 ሜጋኸርዝ ጎረቤቶቹ በግራና በቀኝ 1.2 ፒፒኤም ይርቃሉ፤ አንዱ በ4.8፣ ሌላው በ2.4 ላይ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ከዋናው ፒክ 0.55 በመቶ ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ንጹሕ ቴትራሃይድሮፉራን ግን በሊትር 12.3 ሞል ስለሆነና እያንዳንዱ ፒክ 4 ፕሮቶን ስለሚወክል አንዱ ጎረቤት ብቻ በሊትር 0.27 ሞል ፕሮቶን ያህል ነው፤ ከሚከታተሉት ምርት ጋር የሚፎካከር መጠን። መልካሙ ነገር የአሮማቲኩን ቦታ አይነኩም። ሞዴሉ ውስጥ ያስገቧቸው፣ ከዚያ ይርሷቸው።

በ0 ፒፒኤም አካባቢ ያለውን የሲሊል ፒክ ግን እንዳያልፉት። ቤዙም ሆነ ከሱ የሚወለደው ሄክሳሜቲልዲሲላዛን እያንዳንዳቸው 18 የሜቲል ፕሮቶን አላቸው፣ ተቀራርበውም ይወድቃሉ። ቤዙ ቢሠራም፣ በእርጥበት ቢሞትም፣ የሲሊል ፕሮቶኖቹ ድምር አይለወጥም። ስለዚህ ይህ ፒክ ወደ ሪአክተሩ የገባው ቤዝ ምን ያህል እንደነበር ይነግራል፤ ምርቱ ደግሞ ከገባው ምን ያህሉ ሕያው እንደነበር። አንድ ሞል ምርት ሁለት ሞል ቤዝ ይፈልጋል። የሁለቱ ንጽጽር በሰዓታት ውስጥ ከወረደ የቤዝ ታንኩ እርጥበት እያገኘ ነው። ይህን ሌላ ምንም መሣሪያ እንዲህ በቀላሉ አያሳይም።

መሣሪያዎ የፍሎሪን ቻናል ካለው ደግሞ ይጠቀሙበት። ፍሎሪን-19 ከፕሮቶን 83 በመቶ ያህል ይነበባል፣ የፒኮቹ መሰራጫም በጣም ሰፊ ነው፣ አሟሚው በፍሎሪን አይታይም። የጥሬ ግብዓቱ ፍሎሪን ባዶ ሜዳ ላይ ለብቻው ይቆማል። የሚወለደው ሊቲየም ፍሎራይድ ስለሚዘቅጥና ስለሚጣራ አይታይም፤ ስለዚህ በፍሎሪን ብቻ የቁስ ሚዛን አይዘጋም። የቀረውን ጥሬ ግብዓት ለመለካት ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ቁጥሩ የማይታመንበትን ጊዜ ማወቅ

እያንዳንዱ ውጤት ከሦስት ነገር ጋር ወደ መቆጣጠሪያው ይሂድ፦ ዋጋው፣ የተለካበት ሰዓት፣ የጥራት ምልክቱ። በኦፒሲ ዩኤ (የፋብሪካ መሣሪያዎች መገናኛ ደንብ) ይህ በቀጥታ ይቻላል፤ በሞድባስ (ቀለል ባለው የቆየ ደንብ) ከሆነ የጥራት ምልክቱን ራሱን በቻለ መዝገብ ያስቀምጡት። ሰዓቱ ካልተንቀሳቀሰ ዋጋው የሞተ ነው፣ የፈለገውን ያህል የሚያምር ቢመስልም።

ምልክቱ «ጥሩ» የሚሆነው እነዚህ ሁሉ ሲሟሉ ብቻ ይሁን። የመስመሩ ውፍረት ሺም በተደረገበት ጊዜ ከነበረው ከአንድ ተኩል እጥፍ አልበለጠም። የሞዴሉና የስፔክትረሙ ልዩነት ከተለመደው ጫጫታ ብዙ አልራቀም፤ ይህ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ነው፣ ምክንያቱም ያልተጠበቀ ንጥረ ነገር ሲወለድ መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነው። የቴትራሃይድሮፉራኑ ስፋት ከሚጠበቀው 3 በመቶ ውስጥ ነው፤ አረፋ ሲገባ ይህ ይወድቃል። በመለኪያ ቅርንጫፉ ላይ ያለው የፍሰት መለኪያ ከተመረጠው ዋጋ 5 በመቶ አልራቀም፣ በማጣሪያው ፊትና ኋላ ያለው የግፊት ልዩነትም ከወሰኑ በታች ነው። የቁጥሮቹ ወሰን ለእርስዎ መስመር ይስተካከላል፤ አንዱንም መተው ግን አይመከርም።

ምልክቱ «መጥፎ» ሲሆን ተቆጣጣሪው የመጨረሻውን ጥሩ ዋጋ ይዞ ይቆይ፣ ግን ለዘላለም አይሁን። ሦስት ተከታታይ መለኪያ ከጠፋ ወደ ተራ የፍሰት ንጽጽር ቁጥጥር ይመለስና ማንቂያ ያሰማ። የተቆጣጣሪው ኢንቴግራል ክፍልም (ያለፈውን ስህተት እየደመረ የሚያርመው) በዚያ ጊዜ ይቁም፤ ካልቆመ መለኪያው ሲመለስ ፓምፑ ይዘላል።

ወጥመዱ

አሁን ወደ ቤዙ እንምጣ። ብዙ ሰው «የመለወጫ መጠኑን 100 በመቶ አድርግ» ብሎ ተቆጣጣሪውን ያዛል። ለአንድ ሞል ምርት ቤዙ ከ2 ሞል ሲያንስ እያንዳንዱ ተጨማሪ 1 በመቶ ቤዝ የቀረውን ጥሬ ግብዓት ከመነሻው 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቤዙ ከበቃ በኋላ ግን መጨመር ምንም አይለውጥም፣ የሂደቱ ምላሽ ዜሮ ይሆናል። ሪአክሽኑ 99 በመቶ ላይ ቆሞ ተቆጣጣሪው 100 ሲጠብቅ ኢንቴግራሉ ቤዝ እየጨመረ ይሄዳል፤ ስፔክትረሙ ዝም ይላል፣ ትርፉ ቤዝ ግን ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይፈሳል።

ስለዚህ ዒላማው የቀረው ጥሬ ግብዓት ይሁን፣ ከዜሮ በላይ በሆነ ዋጋ። ምን ያህል? ይህን የሚወስነው የመሣሪያው የመለየት አቅም ነው። ምርቱ በሊትር 0.3 ሞል ከሆነ 1 በመቶ ቅሪት 3 ሚሊሞላር ነው፤ ይህን በ40 ሴኮንድ ውስጥ ከተደራረቡ የፕሮቶን ፒኮች መካከል መለየት አይታሰብም። 4 በመቶ ማለትም 12 ሚሊሞላር ግን በፍሎሪን ቻናል ሊያዝ ይችላል። ዒላማዎን እዚያ ያድርጉ። የቀረውን 4 በመቶ በሁለተኛ ትንሽ ደረጃ ላይ በተሰላ ቋሚ የቤዝ ጭማሪ ይጨርሱ፤ ያ ጭማሪ የሚሰላው ኤንኤምአሩ ካየው ቅሪትና ከሲሊሉ ንጽጽር ከተገኘው የቤዝ ጉልበት ነው። ሲግናሉን እጥፍ ለማጥራት ምቶቹን አራት እጥፍ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ያስታውሱ። መለኪያውን በማርዘም ብቻ 1 በመቶን ለማየት መሞከር ቁጥጥሩን ያዘገየዋል።

ለተቆጣጣሪው ልኬት ይህን ሂሳብ ይዩት። መዘግየቱ፦ ፈጣኑ ቅርንጫፍ 19 ሴኮንድ፣ ትንሹ 20 ሴንቲ ሜትር ቱቦ 5 ሴኮንድ፣ ሰፊው ሕዋስ 38 ሴኮንድ፣ 8 ምቶች በ5 ሴኮንድ ልዩነት የሚፈጁት 40 ሴኮንድ ግማሹ 20፣ እስከ ቀጣዩ መለኪያ የመጠበቂያው አማካይ ሌላ 20፣ ስሌቱ ጥቂት ሴኮንድ። ድምሩ 110 ሴኮንድ ገደማ ነው። የሪአክተሩ የጊዜ ቋሚ 600 ሴኮንድ ከሆነና የሂደቱ ምላሽ መጠን 1 ከሆነ፣ የሚፈለገውን የምላሽ ጊዜ የመዘግየቱ ሦስት እጥፍ ማለትም 330 ሴኮንድ አድርገው ይነሱ። ያኔ የፒአይ (በስህተቱ መጠንና በድምሩ የሚያርም) ተቆጣጣሪው ማጉያ 600 ሲካፈል ለ440፣ ማለትም 1.4 ገደማ ይሆናል፤ የኢንቴግራል ጊዜው 600 ሴኮንድ። የሂደቱን ምላሽ መጠን ግን ከወረቀት አይውሰዱት። ከዒላማው በታች ባለው ክልል የቤዙን ፍሰት 2 በመቶ ደረጃ ከፍ አድርገው ይለኩት። ቤዝ ሲጨምር ቅሪቱ ስለሚቀንስ የተቆጣጣሪውን አቅጣጫም ያረጋግጡ፤ ተገልብጦ ከተገጠመ መጀመሪያ የሚታይዎት በቤዝ የተጥለቀለቀ ሪአክተር ነው።

ኤንኤምአሩ ፓምፑን በቀጥታ አይንዳ። ውስጠኛው ፈጣን ዑደት የቤዙን ፍሰት ከጥሬ ግብዓቱ ፍሰት ጋር በኮሪዮሊስ (የሚፈሰውን ክብደት በሚለካ) መለኪያ ያመጣጥን፤ ኤንኤምአሩ የንጽጽሩን ዋጋ ብቻ ያርም፣ እርማቱም ከ3 በመቶ በላይ ወይም በታች እንዳይሄድ ይገደብ። ያኔ መሣሪያው ቢሳሳት እንኳ የሚያመጣው ጥፋት የታወቀ ወሰን አለው።

መሣሪያው ሊፈነዳ የሚችል ተን ባለበት ክልል ውስጥ ከሆነ በአይኢሲ 60079-2 መሠረት በግፊት የተጠበቀ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሁለት ነገር ያስቡ። የሚነፋው ጋዝ ሙቀቱ ከተለዋወጠ ማግኔቱም ይለዋወጣል። ግፊቱ ጠፍቶ ኃይል ሲቆረጥ ደግሞ ማግኔቱ ይቀዘቅዛል፣ ዳግም ለመርጋት ሰዓታት ይወስዳል፤ የማግኔቱን ማሞቂያ በዚያ ክልል ውስጥ እንዲሠራ በተፈቀደ የተለየ ኃይል ማቆየት ይቻል እንደሆነ ከአምራቹ ጋር ይነጋገሩ። ከሕዋሱ ሥር የፍሳሽ ዳሳሽ ይኑር፣ ሲያስነሳም የመለኪያ ቅርንጫፉን በሁለቱም ጫፍ ይዝጋ።

ከኤችፒኤልሲው ጋር ሲያስተያዩ ናሙናውን ከኤንኤምአሩ መውጫ ላይ ቀድተው ወዲያው በአሲድ ያቁሙት፤ ከሪአክተሩ በር ላይ የተቀዳ ናሙና የተለየ ዕድሜ አለው፣ ሁለቱ ባይስማሙ የማንም ጥፋት አይሆንም። ቢያንስ ከ1 እስከ 15 በመቶ ቅሪት ያለውን ክልል ይሸፍኑ። መጀመሪያ መሣሪያው እንዲያይ ብቻ ይተዉት፤ ከዚያ ሐሳብ እንዲሰጥና ሠራተኛው እንዲያጸድቅ ያድርጉ። በዚህ ጊዜ ሆን ብለው አረፋ ያስገቡ፣ ማጣሪያውን በከፊል ይዝጉ፣ የመለኪያ ፓምፑን ያቁሙ። የጥራት ምልክቱ በእያንዳንዱ ጊዜ በመጀመሪያው መለኪያ ላይ «መጥፎ» ካላለ ዑደቱን ገና አይዝጉት፤ ማለትም ፓምፑን ለመሣሪያው ገና አይስጡት።